ድንጋዩን ገልብጡት፦ የግድብ ውሃና ናፍጣ ወንዝ ላይ ምን ይሠራሉ?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለ ቦይ ዳር ቆመናል፤ እኔና ጎረቤቴ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የቦቴ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከጅቡቲ ነዳጅ ሲያመላልሱ ነው፤ በሚሌ በባቲ አድርገው፣ ሽቅብ ቁልቁል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቦዩ ላይ ሰማያዊ፣ ወርቅማና ሐምራዊ ቀለም እየተጠማዘዘ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ሁለት ልጆች "ቀስተ ደመና! ቀስተ ደመና!" እያሉ አብረውት ይሮጣሉ።

"ናፍጣ እኮ ነው" አልኳቸው።

ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። "ተወው አቦ። አሁን ውሃው ይወስደዋል።"

እውነት ለመናገር ይህችን ነገር ሁላችንም እንላታለን። ቆሻሻም ሆነ ዘይት፣ የላቫጆ አረፋም ሆነ የሞተ ውሻ፣ ውሃ ይወስደዋል። ወስዶ የት እንደሚያደርሰው ግን ማንም አይጠይቅም። እኔም ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ናፍጣ ብዬ ጀምሬ ግድብ ላይ ደረስኩ። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ። ወንዝን የሚጎዱት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እኛ በማናየው፣ ድንጋይ ስር።

እስቲ ከድንጋዩ እንጀምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ቦርከና ዶሮ መዝለያ ላይ በጠባብ ገደል ተጨምቆ ይወርዳል። ከከተማ ጭቃ ራቅ ያለ፣ ውሃው የሚንፎለፎልበት ቦታ ፈልጉ። የጡጫ ያህል ድንጋይ አንሱና ገልብጡት። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ትንሽ ስትጠብቁ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ ነገር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጠፍጣፋ፣ ከጥፍር ያነሰች፣ ከኋላዋ ሁለት ሦስት ጭራ የመሰለ ክር ያላት ነፍሳት ናት። ጎኗ ላይ ላባ የመሰለ ነገር ይርገበገባል። መተንፈሻዋ እሱ ነው፤ ኦክስጂን ከውሃው የምትስበው በእሱ ነው። አጠገቧ ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራች፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ቱቦ ትኖራለች። ቤት ናት። ውስጧ እጭ አለ፤ አሸዋውን አንድ በአንድ እየለቀመ በራሱ ድር አጣብቆ ነው የሠራት። ግንበኛ ነው።

ዓሣው የሚበላው እነዚህን ነው። እነዚህ ደግሞ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ልስልስና የወደቀ ቅጠል ይበላሉ። ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊሰደድ ወይም ሊሞት ይችላል። የድንጋይ ስር ነዋሪዎች ግን የወንዙን የሙሉ ዓመት ታሪክ ይናገራሉ።

አሁን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ላምጣው። ቦርከና ውስጥ የለም። እኛ ጋ ያሉት አምባዛ፣ ቀረሶና ነጭ አሳ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ትራውት ያለው ባሌ ነው፤ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ የደጋ ወንዞች፣ ያውም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ዓሣ ነው። ታዲያ ለምን አነሳሁት? በዓለም ላይ ግድብና ነዳጅ ወንዝ ላይ የሚያደርጉት ነገር በብዛት የተጠናው በትራውት ወንዞች ነው። ምክንያቱም ትራውት ቀበጥ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ካልሆነ፣ ኦክስጂኑ ካልሞላ፣ ጠጠሩ ንጹሕ ካልሆነ እሺ አይልም። ሴቷ በጭራዋ ጠጠሩን ትቆፍርና እንቁላሏን ጥላ መልሳ ትቀብረዋለች። እንቁላሉ እዚያ ለሳምንታት ይቆያል፤ በጠጠሮቹ መሃል የሚያልፈው ውሃ ነው የሚያስተነፍሰው። ጭቃ ከገባበት ታፍኖ ይሞታል።

አምባዛ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውሃው ሲበላሽ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ ለዚህ የተሠራ ተጨማሪ አካል አለው። ስለዚህ አንድ ሰው "አምባዛ እየተያዘ ነው፣ ወንዙ ደህና ነው" ቢላችሁ አትመኑት። አምባዛ መጨረሻ የሚወጣ ተከራይ ነው።

ኦክስጂን ካነሳን አይቀር ትንሽ ቁጥር። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጂን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በባህር ጠለል ደረጃ 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 9፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ገደማ። ከፍታም ይቀንሰዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል 80 በመቶ ያህል ነው። እዚህ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ቢጠግብ እንኳ ከ7 ሚሊግራም ብዙ አያልፍም። ትራውት ደግሞ ከ6 በታች ሲሆን መቸገር ይጀምራል። እንግዲህ ቆላ ቀመስ ወንዝ ሲፈጠርም ኪሱ ሳሳ ያለ ነው። አንድ ነገር ቢጎድልበት የሚሸፍንበት ትርፍ የለውም።

ወደ ግድቡ እንሂድ። ሎጎ ሐይቅ ላይ የዋኘ ሰው ይህን ያውቃል፤ ደረትህ ጋ ያለው ውሃ ለብ ያለ ነው፣ እግርህን ወደ ታች ስትዘረጋ ግን ብርድ ይነካሃል። ፀሐይ የምታሞቀው ላይኛውን ብቻ ነው። ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ሁለቱ ለወራት ሳይቀላቀሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ታችኛው አየር አያገኝም። ከላይ የሚወድቀው ቅጠልና በድን እዚያ ይበሰብሳል፣ የቀረችውን ኦክስጂንም ይጨርሳታል። ትልቅ ግድብም እንዲሁ ነው።

ብዙ ግድብ ደግሞ ውሃ የሚለቀው ከታች ነው። ስለዚህ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ የሚደርሰው ብርዳም፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ አንዳንዴም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ውሃ ነው። ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ እንደገና አየር እስኪጠግብ ኪሎሜትሮች ሊሄድ ይችላል።

ነገሩ ግን "ግድብ መጥፎ ነው" ብሎ የሚያልቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ወንዝ ድፍርስ ነበር፤ በሙቀት ወራት ከ25 ዲግሪ በላይ ይሞቅ ነበር። የግሌን ካንየን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1963 ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ከግድቡ በታች ያለው ውሃ ጠራ፤ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። በሙቅና በድፍርስ ውሃ ለመኖር የተፈጠሩት የአገሬው ዓሦች ተመናመኑ። ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት ግን ደላው። ግድቡ የትራውት ወንዝ ፈጠረ ማለት ነው፤ የሌላውን ቤት አፍርሶ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ለሰባት ቀን በሴኮንድ 1,270 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ሆን ብለው ለቀቁበት። የወንዙ ዳር አሸዋ አልቆ ስለነበር በሰው ሠራሽ ጎርፍ ሊመልሱት ነው። ጎርፍን በበጀት የሚሠሩ ሰዎች አሉ ስላቸው ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኛ በነሐሴ በነፃ ነው የምናገኘው።

አሸዋው ለምን አለቀ? ግድብ ውሃውን እንጂ ደለሉን አያሳልፍም። የቆቃን ግድብ ያየ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የአዋሽን አፈር ሲውጥ ኖሯል። ከታች የሚወጣው ውሃ ባዶ እጁን ስለሆነ የሚያገኘውን ጠጠርና አሸዋ ያግበሰብሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ትልልቅ ድንጋይ ብቻ ነው። እንቁላል የሚቀበርበት ጠጠር የለም፤ ያቺ ግንበኛ እጭም አሸዋ የላትም። አንዳንዴ ደግሞ ግድቡን ከደለል ለማጽዳት የታችኛው በር በአንዴ ይከፈታል። ያኔ በተቃራኒው የዓመታት ጭቃ በሰዓታት ውስጥ ይወርድና ጠጠሩን ሁሉ ይለስነዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚገርመው የምጣዱ ነገር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። የአገራችን መብራት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ፣ የሆነ ቦታ ያለ ተርባይን ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከታች ያለው ወንዝ ይሞላል። እኩለ ሌሊት ላይ ሁላችንም ስንተኛ በሩ ጠበብ ይላል፤ ወንዙ ይጎድላል። በየቀኑ። ወንዝ በተፈጥሮው በቀን ሁለቴ አይሞላም አይጎድልም። ትንንሽ ዓሦች የሚያድሩት ዳር ዳር፣ ውሃው በሚሳሳበት ቦታ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ከሸሸ ይከተሉታል። በድንገት ከሸሸ ግን ጠጠር ላይ ወይም ትንሽ ኩሬ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ፤ ጠዋት ወፍ ይለቅማቸዋል። ነፍሳቱም እንዲሁ፤ ሌሊት ደርቀው ያድራሉ። ለዚህ ነው በብዙ አገር ግድብ አስተዳዳሪዎች ውሃው በሰዓት ከዚህ በላይ እንዳይጨምር፣ ከዚህ በታች እንዳይወርድ የሚል ገደብ የሚጣልባቸው። የውሃው መጠን ሳይቀየር አለቃቀቁ ብቻ ሲስተካከል ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

ለሰውም ነው እንግዲህ። ከግድብ በታች ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ይጨምራል ብሎ አይጠረጥርም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይሉ የለ?

ውሃን ወደ ሌላ መስመር መውሰድም አለ። ጢስ ዓባይን በደጉ ጊዜ ያየ ሰው ዛሬ ሄዶ ሲያይ የሚያዝነው ለዚህ ነው። የጣና መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ በር ውሃውን ይቆጣጠራል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙው ውሃ በጣና በለስ በኩል በዋሻ ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል። መብራቱን አግኝተናል፤ ፏፏቴው ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ቀጭን ሆኗል። ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ አልተቻለም።

አሁን ወደ ጋሼ ናፍጣ።

በእኛ ቦርከና ላይ ትልቅ የመብራት ግድብ የለም። የእኛ በር ከፋች ዝናብ ነው። በጥር ወንዙ ይከሳል፣ በነሐሴ ይፎክራል። ነዳጅ ግን ሞልቶናል። ከተማዋ የመኪና መተላለፊያ ናት፤ ማደያው፣ ጋራዡ፣ ላቫጆው፣ የቦቴ ማደሪያው ሁሉ አለ።

ነዳጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ካገኘችው በሰዓታት ውስጥ ብዙው ይጠፋል። ችግሩ እስኪተን ድረስ በውስጡ ያለው ቤንዚን (benzene) የሚባል፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰል መርዝ ከሌላው ፈጥኖ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ነው። እሳቱ ደግሞ አለ። ናፍጣ ቸኩሎ አይሄድም። ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ጠጠር መሃል ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ከሁሉ ይብሳል፤ ወፍራም ነው፣ ከሞተሩ የፈገፈገው ብረት አለበት፣ ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይሰምጣል።

ቀስተ ደመናዋን ደግሞ እናስላት። ያ ቀለም የዘይቱ ንጣፍ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሦስት ሺህኛ ያህል ሲሳሳ እንኳ ይታያል። በዚያ ስሌት አንድ ሊትር ናፍጣ 3,000 ካሬ ሜትር ያህል ውሃ ሊያለብስ ይችላል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የሐይላንድ ኮዳ የሚያክል ነገር! በሌላ በኩል ይህ ማለት ያየነው ቀለም ሁሉ ብዙ ነዳጅ ነው ማለት አይደለም።

ደግሞ ቀለም ሁሉ ነዳጅ አይደለም። ምንጭ ዳርና ረግረግ ላይ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ንጣፍ ይሠራሉ። መለያው ቀላል ነው። እንጨት አንሡና ንኩት። እንደ ተሰበረ መስታወት ተቆራርጦ ከቀረ ባክቴሪያ ነው፤ ተጠማዝዞ መልሶ ከተገናኘ ነዳጅ ነው። ያን ቀን ቦዩ ላይ ሞከርኩት። ተጠማዝዞ ተገናኘ።

ናፍጣ ወንዝ ሲገባ ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ቢሄድ እኮ ጉዳቱ በቀነሰ። ወንዝ ግን ሐይቅ አይደለም፤ ይንፎለፎላል። ድንጋይ በመታው ቁጥር ዘይቱ በጥቃቅን ጠብታ ይሰባበርና ወደ ታች ይገባል። ያ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ላይ ሲለጠፍ ነፍሳቷ ትታፈናለች። ከሞት በፊት ብዙዎቹ ድንጋዩን ይለቁና በውሃው ይወሰዳሉ። ዓሣው ያን ዕለት ድግስ አገኘ ብሎ ሊበላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚበላው የለም። ነዳጅ ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ደግሞ በጣም ጥቂት ሆነው እንኳ እንቁላል ውስጥ ያለውን የዓሣ ሽል ልብ ያበላሻሉ። ጫጩቱ ይፈለፈላል፣ ግን መዋኘት የማይችል ደካማ ይሆናል። ትልቁ ዓሣ ቢተርፍም ሥጋው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጥብስ ሆኖ ሲቀርብ ሎሚም አያድነውም።

የመጀመሪያው ዝናብ ጉዳይ ብዙ ሰው አያውቀውም። ነዳጅ ወንዝ እንዲገባ የግድ ቦቴ መገልበጥ የለበትም። በበጋው ሁሉ አስፋልቱ ላይ፣ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጠብ ጠብ ያለው ዘይት አፈር ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የስድስት ወሩ በአንድ ሰዓት ታጥቦ ይወርዳል፤ ወንዙ ገና ከሲታ እያለ፣ ማቅጠኛ ውሃ ሳይኖረው። እኛ ያየነው ቀስተ ደመና ይህ ነበር። የማንም አደጋ አልነበረም።

ቦቴ ሲገለበጥ ግን ሌላ ነው። ጋሼ አንድ ቀን አንድ ጓደኛቸው መጠምዘዣ ላይ ሲገለብጥ ከኋላ ነበሩ። "ሾፌሩን ከጋቢና ስናወጣ፣ ወላሂ፣ ሰው ጄሪካን ይዞ ደርሶ ነበር" አሉኝ። ናፍጣ ነው ብሎ የሚቀዳ ሰው ቤንዚን ሊሆን እንደሚችል አያስብም። የጋለ ሞተር ወይም አንድ የክብሪት እሳት ይበቃዋል። መጀመሪያ ራቅ ማለት ነው፤ ወንዙ ከሰው በኋላ ይመጣል።

ከዚያ ደግሞ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ናፍጣው ወንዝ ሳይደርስ ቦዩን በአፈር መዝጋት ከሁሉ ይበልጣል። ገብቶ ከሆነ ጭድ። እውነቴን ነው፤ በመረብ የታሰረ ጭድ ወንዙን አቋርጦ ሲዘረጋ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ይጠጣል። ሰጋቱራም ይሠራል፤ ግን መሰብሰብ አለበት፣ ትቶት መሄድ የለም። በትንሽ ወንዝ ላይ ደግሞ በአፈር ጆንያ ክትር ይሠራና ከታች በኩል ቱቦ ይቀበርበታል። ዘይት የወጥ ላይ ዘይት ነው፤ ከላይ ይቀራል። ንጹሑ ውሃ በታች በቱቦው ሾልኮ ያልፋል። ዘይቱ ይቀዳል።

የማይሠራው ኦሞ ነው። ላቫጆ ቤት ሰዎች ይህን ይወዱታል፤ ዱቄት ሳሙና ይበትኑና ውሃ ይለቁበታል፣ ቀለሙ ይጠፋል። የጠፋው ግን ከዓይናችን ብቻ ነው። ሳሙናው ዘይቱን በጥቃቅን ጠብታ በትኖ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ለዓሣውና ለነፍሳቱ ይህ የባሰ ነው፤ ሳሙናው ራሱም መተንፈሻቸውን ይጎዳል።

ግድብ ባለበት ወንዝ ላይ ነዳጅ ሲፈስ ጥያቄው ይከብዳል። በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ቢዘጋ ውሃው ዝግ ይላል፣ ዘይቱን ለመያዝ ጊዜ ይገኛል፤ ግን ዓሦቹ ደረቅ ላይ ይቀራሉ። ቢከፈት ይቀጥናል፤ ግን ይሰባበራል፣ ይበተናል፣ ወደ ታችኛው አገር ይፈጥናል። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መቀነስ፣ የተያዘውን መያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው የሚመስለኝ። "ቀስ" የሚለው ቃል ነው ዋናው።

እኛ ግን የምንዘጋው በር የለንም። ስለዚህ ጋሼ ያሉት ይሆናል፤ ውሃው ይወስደዋል። የት? ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ፣ ከዚያ ከሚሴ አካባቢ ወዳለው ጨፋ። ጨፋ ሜዳ ረግረግ ነው፤ ውሃው እዚያ ደርሶ ያዘግማል። ዘይት ደግሞ የሚወደው የሚያዘግም ውሃ ነው፤ ቄጤማው ላይ ይጠመጠማል፣ ጭቃው ውስጥ ይገባል። አየር ባለበት ቦታ ባክቴሪያዎች ናፍጣን በሳምንታትና በወራት ይበሉታል። ኦክስጂን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በበጋ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአርጎባው ከብት የሚሰበሰበው እዚያው ጨፋ ላይ ነው። ናፍጣ የጠጣ ከብት ሲያስመልሰው ወይም ሲያገሳ ወደ ሳንባው ይገባበታል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ነው።

ከጨፋም ያልፋል። ቦርከና መጨረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባህር አይገባም። አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ እኛ የጣልነውን "ባህር ወሰደው" ማለት እንኳ አንችልም።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። የጋራዡን ሰውዬ ሄጄ ሳናግራቸው ግን የተቃጠለ ዘይቱን የሚወስድላቸው እንደሌለ ነገሩኝ። በርሜል ሞልቶ ነበር፤ አሳዩኝ። እውነታቸውን ይሁን ምክንያት፣ እኔ እንጃ። ቦዩ ግን እዚያው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከጋሼ ጋር ቦዩ ቦርከና የሚቀላቀልበት ቦታ ሄድን። ድንጋይ ገለበጡ። ስሩ ጥቁር ነው። ጣታቸውን አሽተው አሸተቱት፤ ምንም አላሉም፣ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ሌላ ገለበጡ። ቀይ ትል ብቻ፤ ይህ ትል ቆሻሻ የሚችል ነው። ሦስተኛው ላይ፣ ከቦዩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ባለ ጭራ ነፍሳት ተገኘች።

"ይቺ ከየት መጣች?" አሉ።

ከላይ ናት። የወንዝ ነፍሳት ሌሊት ሌሊት ድንጋያቸውን እየለቀቁ በውሃ ይጓዛሉ። ሲያድጉም ክንፍ አውጥተው ይበርራሉ፣ ሽቅብ ሄደው እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ የተጎዳ ወንዝ የሚያገግመው ከላዩ ንጹሕ ውሃ ካለ ነው፤ ያኔ በወራት ውስጥ መመለስ ይጀምራሉ። ላዩም ከተበላሸ ግን ዘር የሚመጣበት የለም።

"እና የእኛ ዘር የሚመጣው ከደሴ ነው እያልከኝ ነው?"

"ነው ጋሼ።"

ድንጋዩን እንደነበረ ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። "ይህን ደሴዎች እንዳይሰሙ" አሉኝ።